ጉድጓዱ ለምን ሸተተ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለች ጠባብ ጓሮ ጎመንና ቆስጣ አለማለሁ። በበጋ ጉድጓድ ቆፍሬ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ ስጨምርበት ቆይቻለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ውሃ አቁሮ ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ይሸታል፤ ዝንቡም በዝቷል። ልድፈነው ወይስ መላ አለው? የከሰል አመድስ ሽታውን ያጠፋው ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ አይድፈኑት፤ መላ አለው። ልጣጩን ወደ ኮምፖስት፣ ማለትም ወደ በሰበሰ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ የሚለውጡት ደቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ፤ ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ሲሞላ እነርሱ ይዳከሙና ያለ አየር የሚኖሩት ሌሎች ቦታውን ይይዛሉ፤ ያን ክፉ ጠረን የሚያወጡትም እነዚህ ናቸው። ጉድጓድ እርጥበትን ይዞ ስለሚያቆይ ለበጋና ዝናብ ለሚያንሳቸው አካባቢዎች ተስማሚ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ይህንንም በአብዛኛው በክረምት በሚዘንብባት አዲስ አበባ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ኮምፖስት ከመሬት በላይ መከመር ይኖርበታል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አውጥተው፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ጭራሮ ወይም የበቆሎ አገዳ ካነጠፉ በኋላ፣ በየመካከሉ የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን እያስገቡ ይከምሩት። ዋናው ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከል ደረቅ የሚባል አንድም የለም። የቡና አተላ እንኳ መልኩ የጠቆረ ቢሆንም ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ የሚቆጠረው ከልጣጩ ወገን ነው። ለተሕዋስያኑ የሚመቻቸው፣ በደረቁ ነገር የሚበዛው ካርቦን በልጣጩ ከሚበዛው ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆን ነው፤ ይህም በግምት ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር ማለት ነው። ሳጋቱራ ካርቦኑ እጅግ የበዛ በመሆኑ በጥቂቱ ብቻ ይግባ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን መበስበሱን ስለሚያዘገይ ባይገባ እመርጣለሁ። ክምሩን ከዝናብ በሸራ ወይም በቆርቆሮ ከልለው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት። እፍኝ ያህል አንሥተው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው።

አመዱ ሽታውን አያጠፋም። ሲበዛም ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ እንዲባክን ያደርጋል፤ ጎመንዎ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ናይትሮጅን ነው። አልፎ አልፎ ጭብጥ ያህል ቢበትኑ ግን ጉዳት የለውም።

ለዝንቡ፣ አዲስ ልጣጭ በጨመሩ ቁጥር በጭድ ወይም በአፈር ያልብሱት። የወጥ ትርፍራፊ፣ ሥጋና ቅባት አይጥ ስለሚጠሩ አይግቡ። እንዲሁም የአረም ዘር የሚሞተው የክምሩ ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ነውና፣ ቁመቱና ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ካልደረሰ ክምር ውስጥ ዘር የያዘ አረም አይጨምሩ።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጥቂት ወራት መታገሥ ያስፈልጋል። ልጣጩ ከጭዱ ተለይቶ የማይታወቅበት፣ ጥቁርና ፍርፍር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው እስኪሆን ይጠብቁ፤ ሳይበስል ለችግኝ ከተሰጠ ናይትሮጅኑን ከሥሩ ይሻማል።