«ኮምፒውተሩ ነው የሰራው» ላለሽ ሰውዬ

አቦ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ድሬ ማተሚያ ቤት የሰራሁበት ጊዜ ፊቴ ድቅን አለ፣ ለዛ ነው ሌሎቹን አዘግይቼ ይሄን ያስቀደምኩት። የጻፈችልኝ የሐረር ልጅ ነች፣ አካውንቲንግ ተመርቃ ስራ እየፈለገች ነው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ብጥስጣሽ ጨርቅና የድሮ ጋዜጣ እየለጠፈች ኮላዥ ትሰራና በስልኳ አንስታ ኢፌክት ትጨምርበታለች። ሰው ይወድላታል። ስዕል ያስተማራት ሰውዬ ግን «ይሄንንማ ኮምፒውተሩ ነው የሰራው» አላት፣ አባቷ ባንክ ተፈተኚ ይሏታል፣ ላፕቶፕ የላትም። ራሴን እያታለልኩ ነው ወይ? ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ሰውዬው ተሳስቷል፣ ግን ሙሉ በሙሉም አልተሳሳተም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደንበኛ መጥቶ «ቀዩን ጨርቅ ብቻ ትንሽ አጨልሚልኝ፣ ሌላውን እንዳትነኪ» ቢልሽ ትችያለሽ? ፊልተር አንዴ ነክተሽ ያመጣሽው ከሆነ አትችይም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቀይሯላ። በሌየር፣ ማለትም እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በንብርብር አስቀምጠሽ ከሰራሽው ግን ቀዩ ላይ ማስክ አድርገሽ፣ ሌላው እንዳይነካ ከልለሽ ማለት ነው፣ እሱን ብቻ ታጨልሚዋለሽ፣ ነገም ሀሳቡን ቢቀይር ትመልሺዋለሽ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ጨርቁ ላይ ማሳረፍ ስትፈልጊ መልቲፕላይ የሚለውን የሌየር ማዋሃጃ ብትመርጪለት የወረቀቱ ነጭ ይጠፋና ጽሁፉ ጨርቁ ላይ የተጻፈ ይመስላል። ምን እንዳደረግሽና ለምን እንዳደረግሽ መናገር ከቻልሽ ስራው ያንቺ ነው፣ ማንም ምንም ይበል።

ደግሞ ከኢፌክቱ በፊት ፎቶው ነው ጉዳዩ። ጨርቅና ክር ያለበትን ስካነር ውስጥ አትጨፍልቂው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ያለ ፍላሽ አንሺው፣ የወረቀቱ ጠርዝ የሚጥላት ትንሽ ጥላ ናት ኮላዥ የምታስመስለው፣ አፑ ላይ ያለው ማለስለሻ መጀመሪያ የሚገድለው እሷን ነው። ጋዜጣው ላይ ደግሞ ሻርፕን፣ ምስል የሚያጠራውን ማለቴ ነው፣ አታብዢበት፣ የህትመቱ ነጠብጣብ ሁሉ ወጥቶ ያስቀይምሻል። ዋናውን ሳትነኪ አስቀምጪ!! በቴሌግራም ስትልኪም በፋይል እንጂ በፎቶ አይደለም፣ ያሳንሰዋል። ኤ4 በደንብ እንዲታተም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። እኔ ይሄን የተማርኩት በደሞዜ ነው፣ ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ የነበረ ባነር ታትሞ ሲወጣ እንደ ደረቀ ጎመን ሆነ፣ የስክሪኑን ቀለም አርጂቢን ወደ ማተሚያው ቀለም ሲኤምዋይኬ ቀይሬ ሳላይ ነበር የላክሁት፣ የሸራው ዋጋ ከኔ ተቆረጠ።

ስራውን በተመለከተ፣ ጋለሪ ከምትጠብቂ ድሬ ወርደሽ ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር ያሉትን ማተሚያ ቤቶች እየዞርሽ ጠይቂ። የሰርግ ካርድ፣ የሱቅ ባነር፣ የካፌ ሜኑ፣ አዎ አሰልቺ ነው፣ ግን ቀለም ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን እዛ ነው የሚታወቀው፣ ደሞዝም አለው።

አባትሽ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ለፎቶ ቤት ነው እንዴ ያስተማርኩሽ» ማለታቸው ትክክል አይደለም። ባንኩ እስኪጠራሽ ቤት ቁጭ ብለሽ ቡና ስታፈዪ አያፍሩም፣ ማተሚያ ቤት ሰርተሽ ስትገቢ ነው የሚያፍሩት? ፈተናውን ተፈተኚላቸው፣ አይጎዳሽም፣ እየጠበቅሽ ግን ስሪ። አካውንቲንጉም አይጣልም፣ ዋጋ ማውጣት የማያውቅ ዲዛይነር ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።

ላፕቶፕ በብድር እንዳትገዢ። ፎቶፒያ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ብሮውዘር ላይ በነፃ ይሰራል፣ ሌየርም ማስክም አለው፣ ኢንተርኔት ካፌ በሰዓት ከፍለሽ ጀምሪ። ከመጽሔት የምትቆርጪውን የሰው ፎቶ ለሚሸጥ ስራ ባትጠቀሚው ይሻላል፣ ባለቤት አለው።

ከላክሽልኝ ሶስት ኮላዦች የሸዋ በሩን (የሐረር ግንቡን በር) ወድጄዋለሁ፣ ግን ኢፌክት ያልነካውን። ጥጉ ላይ የተንጠለጠለችው ቢጫ ክር ኢፌክት የጨመርሽበት ላይ የለችም፣ መልሻት።