የድሮ የፖለቲካ ባጆች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድሮ የፖለቲካ ባጅ፣ ፖስተርና የምርጫ ኮፍያ እንደምሰበስብ የሰማችሁ የባሕር ዳር ልጆች ብዙ ጠይቃችሁኛል። ለተወሰኑት እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ መጀመር እፈልጋለሁ። ከየት ልነሳ?

ከቤትሽ ተነሺ። የአባትሽን የድሮ ኮት ደረት፣ የእናትሽን ሣጥን እዪ። ከ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ከ1971ዱ መሠረተ ትምህርት፣ ከ1977ቱ የኢሠፓ (የደርግ ዘመን ገዥ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ ከሰፈርሽ ቆራሌ ጋር ተግባቢ። አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ ሲወጣ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እንደ አሜሪካ የምርጫ ባጅ ነበር እንዴ?

በንጉሡ ዘመን የፓርላማ ምርጫ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። በኢሠፓ ጊዜ ደግሞ ፓርቲው አንድ ብቻ ነው። ባጁ የአባልነት ምልክት እንጂ የምረጡኝ ቅስቀሳ አልነበረም። የቅስቀሳ ዕቃ በደንብ የታየው በ1997 ነው። የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት ማን ይረሳል? ማንበብ የማይችል መራጭ ፓርቲውን የሚለየው በምልክቱ ስለሆነ ቲሸርቱም፣ ኮፍያውም፣ በራሪ ወረቀቱም ምልክቱን አጉልቶ ነው የሚይዘው። በ2013ም የብልጽግና አምፖልና የኢዜማ ሚዛን እንዲሁ። ስለዚህ እኛ ጋ ከባጅ ይልቅ ወረቀትና ጨርቅ ይሰብሰብ ባይ ነኝ። በተለይ በራሪ ወረቀት! ምርጫው ባለፈ ማግስት የዕቃ መጠቅለያ ይሆንና ያልቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከሰላም ጓድ (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) መምህሩ የተቀበለው የኬኔዲ ባጅ አለን። ኦሪጅናል ይሆን?

ጠርዙንና ጀርባውን በአጉሊ መነጽር እይ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ ተመሳስሎ የሚሠራ የፖለቲካ ዕቃ የተሠራበት ዓመት እንዲታተምበት ያስገድዳል። ኬኔዲ ከተመረጠበት ከ1960 እ.ኤ.አ. በኋላ ያለ ዓመት ካየህ ቅጂ ነው። ቁጥር ባይኖረውም ግን ኦሪጅናል ነው ብለህ አትደምድም፤ ከሕጉ በፊትም ብዙ ቅጂ ተሠርቷል። አባትህ የተቀበሉበትን ዓመት ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ጣና ዳር ነው። ባጆቼን ዝገት ጨረሳቸው፤ በሎሚ ልፈግፍጋቸው?

በፍጹም! ሎሚም፣ አመድም፣ ውኃም አይንካቸው። ፊታቸው በፕላስቲክ የተሸፈነው ባጆች ከሥር ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ቆርቆሮ አላቸው። እርጥበት በጠርዙ ከገባ ቆርቆሮው ይዝግና ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። ያ ነጠብጣብ አይለቅም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ጥረጊ። ከዚያ በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አስቀምጪያቸው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሪበት፤ ክረምት ሳይገባ ቀይሪያት። ፖስተር ደግሞ ፕላስተር አይለጠፍበት፣ ፀሐይም አይየው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ከባጆች ጋር ከደሴት ገዳም የወጣ መስቀል ልሽጥልህ አለኝ።

አትግዛ። የገዳም ንብረት የኛ ስብስብ አይደለም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ የደርግ ዘመን ባጅ መሰብሰብ ነውር አይሆንም?

አይሆንም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ያ ባጅ ለአንዱ ቤት የሹመት ቀን ነው፤ ለሌላው ልጅ ተወስዶ የቀረበት ዘመን። ደረትህ ላይ ሰክተህ ገበያ አትውጣ። ሽማግሌ ቤት ሄደህ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ቁጭ ብለህ ስማ። ደረቱ ላይ ያደረገው ማን ነበር? የት? ለምን ሳይጥለው ቀረ? ይህን በእርሳስ ጽፈህ ከባጁ ጋር አስቀምጥ። እኔ ታሪኩ የታወቀ የዛገ ባጅ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ አዲስ መሳይ ባጅ ይበልጥብኛል። ስሜ አይጻፍ ካሉህ ሰፈሩንና ዓመቱን ብቻ ጻፍ።