የሁለት ሴቶች ሰርግ ልታነሳ ለጠየቅከው

ወንድሜ "የሁለት ሴቶች ሰርግ ላነሳ ነው፣ ፖዝ ላይ ማንን እንደ ወንድ ላቁም?" ላልከው፣ ማንንም። እኔም የመጀመሪያዬ ላይ እንዳንተ አስቤ ረዘም ያለችውን ከኋላ አቁሜ እጇን የሌላዋ ወገብ ላይ አስደረግኳት፣ ሁለቱም ድርቅ አሉ፣ ፎቶው ላይ ያስታውቃል። በኋላ አንዷ ቀስ ብላ "እኛ እንደዚህ ተቃቅፈን አናውቅም" አለችኝ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ከዛ ወዲህ ከሰርጉ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አብሬያቸው ወክ አደርጋለሁ፣ ማን ማን ላይ እንደሚደገፍ ማን ቀድሞ እጅ እንደሚይዝ አያለሁ፣ የሰርጉ ቀን የማስደርጋቸው ያንኑ ነው።

ኮንትራቱ ላይ "ሙሽራው" "ሙሽሪት" የሚል ካለ አውጣው፣ ስማቸውን ጻፍ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ሁለቱም ቬሎ ከለበሱ ካሜራው ነጩ በዝቶበት ያጨልምብሃል፣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም ወደ እጥፍ፣ ከፍ አድርግና ዳንቴሉ እንዳይጠፋ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እያየህ ሂድ። ቀሚሶቹ ሰፊ ከሆኑ ደግሞ ፊት ለፊት ሲቆሙ ጨርቁ ይገፋፋና ይራራቃሉ፣ ጎን ለጎን አድርገህ ፊታቸውን ብቻ አዙራቸው። ሁለት ወንዶች በጥቁር ሱፍ ሲሆኑ ችግሩ ሌላ ነው፣ ሲተቃቀፉ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ፣ ብርሃኑን ከኋላ ወይ ከጎን አምጣው ትከሻቸው ይለይ። ሲዘጋጁ ሁለተኛ ፎቶግራፈር ያዝ፣ አንዷን ሁለት ሰዓት አንስተህ ሌላዋን አስር ደቂቃ እንዳታደርግ። ሲገቡ አብረው ነው ወይስ ከሁለት በኩል፣ ቀድመህ ጠይቅ፣ የምትቆምበትን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን ቤተሰብ ላይ ነው። ሰው መሃል "እናት አባት የት አሉ?" ብለህ እንዳትጣራ፣ ላይመጡ ይችላሉ፣ እነሱ ራሳቸው የቤተሰብ ፎቶ ዝርዝር ጽፈው ይስጡህና ከሱ አትውጣ። ፎቶ መለጠፍም እንደዛው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ቀድማ ከፈቀደች ወዲህ ከ30 በላይ አገሮች ፈቅደዋል፣ ግን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት አሁንም በሕግ የሚያስቀጣባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፣ ከእንግዶቹ አንዱ ወደዛ የሚመለስ ቢሆንስ? የጥንዶቹን ፈቃድ በጽሁፍ ያዝ፣ ፊቱ እንዳይወጣ የሚፈልግ እንግዳ ካለ ቀድመው ያሳዩህ፣ ፋይሉ ላይ ያለውን፣ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የሚያሳየውን የጂፒኤስ መረጃም አጥፋ።

ረዳትህንም ይሄን ሁሉ ቀድመህ ንገረው፣ ከከበደው ሌላ ሰው ፈልግ፣ አንተ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ እሱ መሃል ላይ "ባልየው ወደዚህ" ካለ ፊታቸው ይቀየራል፣ ያንን ደግሞ ኤዲቲንግ አይመልሰውም።