ማሳ ላይ የቀረ ቅምቡላ

ጥያቄ፦ ቆቦ አካባቢ ለማሽላ ሳርስ ያልፈነዳ የሞርታር ቅምቡላ አገኘሁ። የቀድሞ ወታደር ስለሆንኩ ራሴ አንስቼ ልጣለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት! ተተኩሶ ያልፈነዳ ቅምቡላ ካልተተኮሰው የባሰ አደገኛ ነው፤ ሲተኮስ ፊውዙ (ማፈንጃው) ነቅቷልና ትንሽ ንቅናቄ ሊያፈነዳው ይችላል። ለስላሳ አፈር ላይ ያረፈ ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ይቀራል፤ ዝገቱም አያመክነውም። ሞፈሩን እዚያው ይተዉና በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ከሩቅ ምልክት ያድርጉ፣ ልጆችና ከብት ያርቁ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ይንገሩ። ማቃጠል፣ ድንጋይ መከመር፣ ለቆራሌው መስጠት ፈጽሞ አይሆንም።

የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሟል፤ ፖለቲከኞች በንግግር መጨረስ የነበረባቸው ጠብ ግን ዕዳውን ገበሬው ማሳ ላይ ጥሏል። ማጽዳቱ የመንግሥት ግዴታ ነው። ቀበሌው ከዘገየ ወረዳውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ።