መልስ፦ ጠባዩ ነው ወይስ መጠጡ?
ሰላም እህቴ። የ15 ዓመት ልጅሽ መጠጥ ከቀመሰ ወዲህ ከእኩዮቹ ጋር መደባደብ አብዝቷል፤ «ጠባዩ ነው ወይስ መጠጡ?» ብለሻል። ሁለቱም ይመስለኛል። ችኩል ልጅ ሳያስብ ብርጭቆም ያነሳል፣ ቡጢም ይሰነዝራል። መጠጡ ደግሞ ያለችውን ትንሽ ፍሬን ይበጥሳታል። ለነገሩ ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ጓደኛ እያየማ ይብሳል!

ልጆች ወደ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ እንዳይገቡ የሚረዳ ፕሪቬንቸር የሚባል የትምህርት ቤት ፕሮግራም አለ። ልጆችን በአራት ጠባይ ለይቶ ነው የሚያሠለጥነው፦ ችኩልነት፣ ደስታና ጀብዱ ፈላጊነት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የጭንቀትን ስሜት መፍራት። ያንቺው ልጅ የመጀመሪያው ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ስለዚህ ምክር ከምታበዢበት «ሊያናድዱህ ሲጀምሩ መጀመሪያ ምን ይሰማሃል?» ብለሽ ጠይቂው። በሞቅታው ሰዓት ግን እንዳትሞክሪው።