ጥያቄና መልስ፦ የካናዳ ደንብ፣ የባንክ ስቴትመንት እና የዘጌ ቡና መሬት

ጥያቄ፦ ካናዳ የስደተኛ አገር ናት፣ ዘርና ቀለም አትለይም ሲባል ነው ያደግነው። አሁን ደግሞ «ሰው በቃኝ ብላለች» ይባላል። እውነት ነው? ምን ነክቷቸው ነው? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ቀንሳለች እንጂ አልዘጋችም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1967 የነጥብ አሠራር ስትጀምር የትውልድ አገርን ትታ ትምህርትን፣ ዕድሜንና ቋንቋን መመዘን ያዘች። በ1971 ብዝኃ ባህልን የመንግሥት ፖሊሲ አደረገች፣ በ1988 ደግሞ በሕግ አጸናችው። ያ ሕግ ዛሬም እንዳለ ነው። የተነካው የሰው ቁጥር ነው። ለ2025 ታቅዶ የነበረው 500,000 ቋሚ ነዋሪ በኦክቶበር 2024 ወደ 395,000 ተቆረጠ፤ ከ2026 እስከ 2028 ያለው ዕቅድ ደግሞ በየዓመቱ 380,000 ነው።

ዋናው ሰበብ ቤት ነው። በ2023 የአገሪቱ ሕዝብ ከ3 በመቶ በላይ ጨመረ፤ የበዛው ጭማሪ ጊዜያዊ ፈቃድ ይዘው የገቡ ተማሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ቤት በዚያ ፍጥነት ስላልተሠራ ኪራይ ናረ፣ ሕዝቡም አጉረመረመ። መንግሥት ጊዜያዊ ነዋሪዎችን ከሕዝቡ 5 በመቶ በታች ለማውረድ ወሰነ። ዱላው በይበልጥ ያረፈው ታዲያ በተማሪ ላይ ነው፤ ለ2025 ታቅዶ የነበረው አዲስ ተማሪ 305,900 ሲሆን ለ2026 ግን 155,000 ብቻ ነው። ነገሩ ለኢኮኖሚውም ያለ ጉዳት አላለፈም፤ ከውጭ ተማሪ በሚያገኙት ገቢ የቆዩ ኮሌጆች አሁን የትምህርት ፕሮግራም እያጠፉ ነው። የእኛ አገር ደላላ ግን ዛሬም የሚሸጠው የ2022ቱን ካናዳ ነው።

ጥያቄ፦ ኤጀንቱ «ልጅህን ኮሌጅ ተቀብሎታል፤ ከገባ በኋላ ራሱ ሠርቶ ይከፍላል» ብሎ ደብዳቤ አሳየን። ዘጌ ያለንን የቡና መሬት ሸጠን ብሩን ባንክ ለማስገባት አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ? (አባት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ አባታችን፣ መሬቱን አይንኩት። የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም። የቪዛ ኦፊሰሩ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያቀርቡት የሽያጭ ውል ሕግ የማያውቀው ወረቀት ነው፤ መሬቱም ቪዛውም በአንድ ላይ ሊያመልጥዎት ይችላል። የተመዘገበ የኪራይ ውል፣ የቡና ሽያጭ ደረሰኝና ለወራት የተጠራቀመ ቁጠባ ግን ያስኬዳል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ አንድ ተማሪ ለኑሮ ብቻ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት አለበት። የመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ቲኬት ከዚህ ውጭ ናቸው። የማመልከቻው 150፣ የአሻራው 85 ዶላር ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። ከዚያ በፊት የተሰላ «ይበቃል» ዛሬ አይበቃም።

ብዙ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የባንክ ደብተሩ ለወራት 4,000 ብር ይዞ ይቆይና በአንድ ሳምንት 3 ሚሊዮን ይገባበታል። ዘመድ «ለማሳያ» ያበደረው ገንዘብ መሆኑን ኦፊሰሩ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልገውም።

ደብዳቤውንም ያጣሩ። ኮሌጁ የውጭ ተማሪ የመቀበል ፈቃድ ካለው በእንግሊዝኛው «O» ፊደል የሚጀምር የዲኤልአይ (DLI) ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ለኮሌጅ ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ የማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ያለ እሱ ማመልከቻው ይመለሳል። ከዲሴምበር 2023 ወዲህ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን የቅበላ ደብዳቤ ከኮሌጁ ጋር በቀጥታ ያመሳክራል። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ አምስት ዓመት የሚታገደው ልጅዎ ነው፤ ኤጀንቱ ምንም አይሆንም። አማካሪ ነኝ የሚል ሰው የፈቃድ ቁጥሩን ይስጥዎትና የአማካሪዎች ኮሌጅ በሚባለው የካናዳ ፈቃድ ሰጪ አካል የሕዝብ መዝገብ ላይ ስሙን ይፈልጉ። ቁጥሩን ለመስጠት ካንገራገረ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

«ሠርቶ ይከፍላል» የተባለውም አይሆንም። ተማሪ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ መሥራት የሚችለው በሳምንት 24 ሰዓት ነው። ያ የቤት ኪራይ ድርሻና አስቤዛ ይችል ይሆናል፣ የውጭ ተማሪ ክፍያ ግን አይችልም። ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ፈቃድም ጠብቋል፤ የኮሌጅ ተመራቂ ከሆነ ያጠናው መስክ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። በባችለር፣ በማስተርስና በዶክትሬት ለሚመረቅ የመስክ ገደቡ የለም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ይሳካልኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ካናዳ ቋሚ ነዋሪ መሆን የሚፈልጉ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ በየዙሩ ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸውን የምትጠራበት አሠራር ነው። ነጥብዎን እናስላው። ዕድሜ 110፣ ዲግሪ 120። አይልትስ ጀነራል በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል (ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር) 6.0 ቢያገኙ 68 ይጨመራል፤ ትምህርትና ልምድ ከቋንቋ ጋር ተዳምረው 38 ሲያመጡ ድምሩ 336 ይሆናል። በዚህ አይጠሩም። በማዳመጥ 8.0፣ በሌሎቹ ሦስት 7.0 ካመጡ ግን ያው እርስዎ 429 ይሆናሉ። ሌላ ምንም ሳይለወጥ 93 ነጥብ ማለት ነው። ለኤጀንት ሊከፍሉት ያሰቡትን ለመምህርና ለድጋሚ ፈተና ያውሉት። አካዳሚክ የሚባለውን አይልትስ እንዳይፈተኑ፣ ለዚህ መንገድ አይቀበሉትም።

429ም ቢሆን በቂ ላይሆን ይችላል፤ በ2025 የጤና ባለሙያዎች ዙር ከ460 በታች አልወረደም። ብዙዎች የሚንቁት ፈረንሳይኛ ነው ክፍተቱን የሚሞላው። ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሲኤፍ ካናዳ በሚባሉት የፈረንሳይኛ ፈተናዎች በአራቱም ክፍል በካናዳ መለኪያ ደረጃ 7 ከደረሱ 62 ነጥብ ተጨምሮ 491 ይገባሉ፤ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ በሚወጣው ዙርም ይወዳደራሉ። ከዜሮ ለሚነሣ ሰው የረጅም ጊዜ ጥናት ነው፣ እናውቃለን። 30 ሲሞላዎት ከዕድሜ 5 ነጥብ ይቀነሳል፤ ያ አያስደንግጥዎ።

በቅደም ተከተል የትምህርት ምዘናው፣ ማለትም ዲግሪዎ በካናዳ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚስተካከል የሚያረጋግጠው ወረቀት፣ ይቅደም። ሬጅስትራር ይዘገያል፣ ስቱደንት ኮፒም ዋጋ የለውም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት። የምዘናው ውጤት አምስት ዓመት ሲያገለግል አይልትስ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፈተናው ይከተል።

የልምድ ደብዳቤዎንም አሁኑኑ ያስተካክሉ። የተለመደው «ከመስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በነርስነት አገልግለዋል» የሚለው ባለ ሦስት መስመር ወረቀት አያልፍም። የሥራ ዝርዝር፣ የሳምንት ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የፈራሚው ስልክና ማኅተም ይኑረው። ቀኑ ደግሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመለስ፤ መስከረም 1 ቀን 2010 ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017 ነው። ዓመቱ እንዳለ ከተተረጎመ ገና ትምህርት ላይ እያሉ በ2010 ተቀጥረዋል ማለት ይሆንና ፋይሉ ከዲግሪዎ ጋር ይጋጫል። የአያት ስምዎም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በደብዳቤው ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ።

ለአንድ ሰው የሚጠየቀው የመቋቋሚያ ገንዘብ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 15,263 የካናዳ ዶላር ነው። ቋሚ ነዋሪነት ማግኘት ደግሞ የነርስነት ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ነው፣ ፈተናም አለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቶሮንቶ ነው፣ ዜግነት አግኝቷል። ስፖንሰር ሊያደርገኝ ይችላል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ በአብዛኛው አይችልም። የቤተሰብ ስፖንሰር በዋናነት ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ ነው። ወንድምዎ የሚጠቅምዎት በኤክስፕረስ ኢንትሪ 15 ነጥብ በመጨመር ነው። ለዚያም ካናዳ እንደሚኖር ማስረጃ፣ የሁለታችሁም ወላጆች ስም የሰፈረበት የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ወረቀታችሁን ከወዲሁ አውጡ።

ጥያቄ፦ የአሻራ ደብዳቤ መጣልኝ። ስንት ቀን አለኝ? (ከወረታ)

መልስ፦ 30 ቀን። የሚሰጠው አዲስ አበባ ባለው የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል ስለሆነ መጀመሪያ ቀጠሮ ይያዙ፣ ከዚያ ጉዞውን። መንገዱ የሚያስተማምን ካልሆነ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ይሂዱ፤ ፓስፖርትዎንና የደብዳቤውን ኮፒ በእጅ ይያዙ።