ክለቡ ደሚ ላይ ለቀረብሽ እህቴ

ሰላም እህቴ። የብሪጅ ካርታ ጨዋታ ጥያቄሽን ማታ እንዳነበብኩ ካርታ አውጥቼ ያንኑ እጅ (የደረሰሽን ካርታ) ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሦስት ኖትራምፕ ገዝተሻል፤ ሌላውን ሁሉ የሚበልጥ የካርታ ዘር (ትራምፕ) ሳይኖር 9 ዙር መብላት ያስፈልግሻል። ደሚ ላይ (ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አንቺ የምትጫወችው የባልደረባሽ ካርታ) አስ፣ ንጉሥ፣ 7፣ 5፣ 4 እና 3 ክለብ አለ፣ ከዚያ ውጪ የረባ ካርታ የለም። አንቺ ጋ 8 እና 2 ክለብ፣ አስና ንጉሥ ስፔድ፣ አስና ንጉሥ ልብ፣ አስ ዳይመንድ። በልብ ንግሥት ከፈቱብሽ፤ በአስ በላሽ። ከዚያ አስና ንጉሥ ክለብን አከታትለሽ አወረድሽና ሦስተኛውን ክለብ ሰጠሽ። ክለቡ ጸዳልሽ፣ ማለትም የባላጋራ ክለብ አልቆ የቀሩት ያንቺ ሆኑ፤ ግን ወደ ደሚ የሚያስገባሽ ካርታ ስላጣሽ እዚያ ያሉትን ሦስት ጥሩ ክለቦች ሳትነኪያቸው ጨዋታው አለቀ፤ 7 ዙር ብቻ ይዘሽ ወጣሽ። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብለሻል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ያንን አንድ ክለብ መስጠትሽ ትክክል ነው፤ መስጠቱ የማይቀር ነውና። የሰጠሽበት ሰዓት ግን ዘገየ። ልቡን በአስ እንደበላሽ ወዲያው 2 ክለብ ወርውሪ፣ ከደሚም 3 ጣዪ። አስና ንጉሡ እዚያው ደሚ ላይ እያሉ ዙሩን ለባላጋራ ልቀቂው። እጁ ምን ያህል እንደሚያሳክክ አውቃለሁ፤ አስና ንጉሥ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው ትንሿን ካርታ መጣል ለጀማሪ ከባድ ነው። አሁን ባላጋራ በልቶ ልብ ይመልስልሻል፤ በንጉሥ ትበያለሽ። እጅሽ ላይ 8 ክለብ ቀርታለች፤ ወደ ደሚ የምትገቢባት በር እሷ ናት። በእሷ ወደ አስ ትሄጃለሽ፣ ንጉሡን ታስከትያለሽ፤ የባላጋራ ክለብ ሦስትና ሁለት ተከፍሎ ከነበረ ያኔ አልቋል፤ የቀሩት ሦስቱ ሁሉ ያንቺ ናቸው። ከክለብ 5፣ ከስፔድ 2፣ ከልብ 2፣ ከዳይመንድ 1፤ በጠቅላላ 10 ዙር። በእነዚያ ክለቦች ላይ ከእጅሽ የማይረቡትን ዳይመንዶች ትጥያለሽ።

ክለብ 13 ነው። ስምንቱ በአንቺና በደሚ እጅ ስላለ ባላጋራ ጋ 5 ቀርቷል። አምስት ካርታ ሦስትና ሁለት ሆኖ የሚከፈለው 68 ከመቶ ጊዜ ነው፤ አራትና አንድ የሚሆነው 28 ከመቶ፤ አምስቱም አንድ ሰው ጋ የሚሰበሰበው 4 ከመቶ ብቻ። አራትና አንድ ከሆነ ይህ እጅ በክለብ አይድንም፤ ሁለቴ ብትሰጪ 8ቷም አልቃ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ 68ቱ ላይ መጫወት ነው። የጎደለው 6 ካርታ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው «ስድስት ነው፣ ሦስት ሦስት ይካፈሉታል» ብሎ ይተማመናል፤ እውነቱ ግን ሦስት ለሦስት 36 ከመቶ ብቻ ነው፣ አራት ለሁለት 48 ከመቶ። ጎዶሎ ቁጥር ከሞላ ጎደል እኩል መከፈል ይወዳል፣ ተጋማሽ ቁጥር ግን ወደ አንድ ወገን ማጋደል። እኔ ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት በልቤ የምቆጥረው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ዙር ስትሰጪ ባላጋራ ገብቶ ምን ሊበላ እንደሚችል አስቀድመሽ እይ። እዚህ ልብ ሁለቴ የሚያስቆም ካርታ ስለነበረሽ አላሳሰበም። አስ ብቻ ቢኖርሽና እነሱ አምስት ልብ ይዘው ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

በትራምፕ ሲጫወቱም ያው ነው፤ እኔ በዚህ የተማርኩት በመራራ እጅ ነው። እኛ ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለ ሻይ ቤት እንገናኛለን። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ የደሚውን ካርታ ይበትነዋል፤ ስለዚህ በየካርታው ዘር (በክለቡ፣ በስፔዱ፣ በልቡ፣ በዳይመንዱ) ላይ የሻይ ብርጭቆ እናስቀምጣለን። ያን ዕለት አራት ስፔድ ገዝቼ (ስፔድ ትራምፕ ሆኖ 10 ዙር ለመብላት) ስድስት ትራምፕ እጄ ላይ አለ። ደሚ ላይ ንጉሥና ንግሥት ትራምፕ፣ ንጉሥ ልብ፣ ከዳይመንድ ደግሞ አስ፣ 7፣ 5፣ 4 እና 3። እኔ ጋ አንዲት 6 ዳይመንድ። ሰባት ዳይመንድ ባላጋራ ጋ ነው፤ አራትና ሦስት የሚሆነው 62 ከመቶ። ዳይመንዱን በአስ በልቼ፣ ከዚያ እጄ ላይ ዳይመንድ ስለማይኖር ሦስቴ በትራምፕ መትቼ (በትራምፕ በልቼ)፣ አምስተኛዋን ማጽዳት እችል ነበር። ለዚህ ግን ወደ ደሚ ሦስት መግቢያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ለመምታት፣ ሦስተኛው የጸዳችውን ለመብላት። መግቢያዎቹ ንግሥትና ንጉሥ ትራምፕ፣ ንጉሥ ልብ ነበሩ።

እኔ ምን አደረግሁ? «የባላጋራን ትራምፕ ሳላወጣ ምን አደርጋለሁ» ብዬ በመጀመሪያ ሦስት ዙር ትራምፕ አወጣሁ። ንጉሡም ንግሥቱም ሥራ ሳይሠሩ ወደቁ። አንድ ዙር ጎደለኝ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ብርጭቆውን አነሳና 7 ዳይመንዷን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ያቺ ካርታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። መሆን የነበረበት፦ በአስ ዳይመንድ መጀመር፣ አንዱን መምታት፣ በትንሽ ትራምፕ ወደ ንግሥቱ መግባት፣ መምታት፣ እንደገና ወደ ንጉሡ፣ መምታት፤ የቀረውን ትራምፕ ያኔ በአስ ማውጣት፤ በመጨረሻ በልብ ንጉሥ ገብቶ አምስተኛዋን መብላት። ትራምፕ ማውጣቱም መንገድ ላይ በራሱ ይሠራልሻል።

ልምምድ ከፈለግሽ ያንን የክለብ እጅ ራስሽ ደጋግመሽ ሞክሪው። ያንቺንና የደሚውን 26 ካርታ እንዳለ አስቀምጪ፤ የቀረውን 26 በደንብ በውዘሽ ለሁለት 13፣ 13 አድርጊውና ክለቡ እንዴት እንደተከፈለ መዝግቢ። 20 ጊዜ ብታደርጊው 13 ወይም 14 ጊዜ ያህል ሦስትና ሁለት ይወጣልሻል። በእያንዳንዱ አንዴ የአንቺን መንገድ፣ አንዴ ቀድሞ የመስጠቱን ተጫወቺና ስንት ዙር እንደበላሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።